የእትዬ ዓለምወርቅ ዘጠነኛ መስመር

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ደራሲ እጠብቃለሁ እላለሁ። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ ያሉት የአገሬ ሰዎች ይስቁብኛል። ሱቅ ይጠበቃል፣ ልጅ ይጠበቃል፣ ደራሲ ደግሞ ምን እንዳይሆን ነው የምትጠብቂው ይሉኛል። ይሳቁ። ያቺን ቅዳሜ እኔ የዋልኩትን ውለው ቢሆን ኖሮ አይስቁም ነበር።

እትዬ ዓለምወርቅ በዕብራይስጥ የሚጽፉ ደራሲና ገጣሚ ናቸው። ትውልዳቸው ወገራ ነው፣ የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ። ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር በእግር ሱዳን ወረዱ፤ ከሱዳን በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። እዚያ የመዘገባቸው ሰውዬ ስማቸው ለአፉ አልመች ቢለው ዘሃቫ ብሎ ጻፋቸው፤ ወርቅ ማለት ነው አሉ። "ዓለሙን ወሰደና ወርቁን ተወልኝ" እያሉ ይቀልዳሉ። መጽሐፎቻቸው ላይ ያለው ስም ይኸው ዘሃቫ ነው። ኋላ አንድ የጆሃንስበርግ ሐኪም አግብተው እዚህ መጡ። ሐኪሙ ሞተ፣ ልጅ አልወለዱም፣ ኖርውድ ካለው ፎቅ ቤታቸው ከነመጽሐፋቸው ብቻቸውን ቀሩ። እኔን የቀጠሩኝ ምግብ የምትሠራና በአማርኛ የምታዋራቸው ሴት ፈልገው ነው።

እንደገባሁ ሰሞን እብድ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ደራሲ ሲባል ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ነበር የሚመስለኝ፤ እሳቸው ኮሪደሩን እየተመላለሱ ለራሳቸው ያወራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጧት ይጀምሩና ምሳ ሲደርስ እሱኑ ሲያላምጡ አገኛቸዋለሁ። አፋቸው ላይ ካልጣመ ወረቀት ላይ አያሰፍሩትም። ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ እሳቸው አይሰሙም። አንድ ቀን በአማርኛ ለምን አይጽፉም፣ እኔም አነበው ነበር አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና፣ "እህቴ በአማርኛ ነው የሞተችብኝ" አሉ። ከዚያ ወደ ኮሪደራቸው ተመለሱ።

እህታቸው ሙሉዬ የሞተችው ሱዳን፣ ካምፕ ውስጥ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሲጽፉት የኖሩት ልብ ወለድ ስለ እሷ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በግጥም ይዘጋል፤ ምዕራፉ ሁሉ አልቆ የመጨረሻዋ ግጥም ብቻ ቀርታ ነበር። ቴል አቪቭ ያለው አርታኢያቸው በየጊዜው እየደወለ ይጠይቃል፣ እሳቸው ገና አልመጣችም ይሉታል። በዚህ መሃል፣ ከፋሲካ በፊት፣ ደም ግፊታቸው ጭንቅላታቸውን መታቸው። ቀላል ነው ተባለ፤ እጃቸውም እግራቸውም ተመለሰ፤ ግን ቃል ይጥሉ ጀመር። ጧት ያገኙትን ዓረፍተ ነገር ወዲያው ካልጻፉት ከሰዓት የለም። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሁለተኛው ከመጣ አንደበታቸውን ሊወስደው ይችላል አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲያስሉ እንኳ የእኔ ልብ ይዘላል።

ግጥሟ የመጣችው ዓርብ ነው። አሥር ዓመት ያስጠበቀች ግጥም ሐሙስ ብትመጣ ምን ነበረበት? ሻማቸውን ካበሩ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ መጣች። እትዬ ዓርብ ሻማ ካበሩ ቅዳሜ ማታ ሰማይ ላይ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ድረስ እስክሪብቶ አይነኩም። መብራት አይነኩም፣ ስልክ አያነሱም። ሌላውን አዝዞ ማሠራትም እሳቸው ዘንድ ራስ እንደመሥራት ነው።

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ኮሪደሩ ጸጥ ሲል ሰማሁ። ወጣ ብዬ ሳይ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። "ፍሬ፣ ነይ። መጣች" አሉኝ። ማን መጣች ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ፤ ገብቶኝም ደስ አላለኝም፣ ደነገጥኩ። እስክሪብቶ ላምጣ አልኳቸው፣ እጃቸውን አነሱብኝ። በስልኬ ልቅዳ አልኳቸው፣ እሱንም እምቢ። የእኔ ሰንበት እሁድ ነው እትዬ፣ ኃጢአቱን እኔ እወስዳለሁ ብልም አልሰሙኝም። ለነፍስ ሲሆን ሰንበት ይሻራል፣ ግጥም ግን ነፍስ አይደለችም፣ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል አሉ። አባታቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። እስከ ነገ ማታ እንደማይይዟት ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ አፈር ልብላና አንድ ነገር አመጡብኝ። መያዝ ሥራ አይደለም፣ አንቺ በቃልሽ ያዢልኝ አሉ።

እኔ ዕብራይስጥ አላውቅም። ሰላም፣ ዳቦ፣ ይበቃል፣ ከሳቸው አፍ የለቀምኳት ይቺው ናት። ግን ሆሳዕና ከተማ እያለሁ ከመዘምራን አንዷ ነበርኩ። እኛ መዝሙር በወረቀት አናጠናም። መሪዋ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። የማናውቀውን ቋንቋ እንኳ በዜማ አስገብተን ሸምድደን ዘምረናል። ስንኝ የጠፋባት ዞር ብላ መሪዋን ታያለች፣ መሪዋ ጫፉን ትሰጣታለች፤ ጫፉ ከተያዘ ሌላው ራሱ ይመጣል። ይሄን አንድ ጊዜ አጫውቻቸው ነበር። ምነው አፌን በዘጋሁ።

ምን እንደምትል እንኳ ይንገሩኝ፣ ፍቺውን ካወቅኩ አልረሳም አልኳቸው። እምቢ አሉ።

"ፍቺውን ካወቅሽ የጠፋብሽን ቃል ከራስሽ ትሞያለሽ" አሉኝ። "እንደታሰረች ውሰጃት። ነገ ማታ ኮከብ ሲወጣ እኔ ራሴ ፈትቼ አሳይሻለሁ። እስከዚያ ወረቀት ላይ አታስፍሪያት፣ ስልክ ላይ አትቅጃት። አደራ።"

አደራ አሉኝ እንግዲህ። ሌላ ምንም ቢሉኝ እከራከራቸው ነበር።

ግጥሟ ዘጠኝ መስመር ናት። መጀመሪያ አራት፣ ቀጥሎ አራት፣ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና አንድ አንድ መስመር እያሉልኝ እኔ እቀበል ጀመር። ጉሮሮ የሚያስጠርግ ቋንቋ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ደግሞ የኛን ይመስላል፣ ፍቺው እንዳይገባኝ ብዬ ቶሎ አልፈዋለሁ። እንዲሁ በንባብ አልያዝ ሲለኝ ከድሮ የመዘምራን ዜማችን አንዷን አነሳሁና ቃላቱን እሷ ላይ አሰፈርኳቸው። ይሄኔ ልክ መንገዱ እንደተጠረገለት መኪና ሄደልኝ። እትዬ ሳቁብኝ፤ የኔን ግጥም ጴንጤ አደረግሻት አሉኝ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ዜማዬ አራት ስንኝ ነው የሚይዘው። ሁለቴ ሲዞር ስምንቱን ጨረሰ፤ ዘጠነኛዋ ከዜማው ውጪ ቀረች። ለብቻዋ እይዛታለሁ ብዬ እንዲሁ በንባብ አጠናኋት።

ከዚያ ስንደግማት በስምንተኛዋ ላይ ዜማው ሲያልቅልኝ እኔም የጨረስኩ እየመሰለኝ ዝም እላለሁ። አንድ ጊዜ አረሙኝ፣ ሁለተኛ አረሙኝ። ሦስተኛ ጊዜ ዝም ስል እጃቸውን ሰደዱና ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። በጥፍራቸው። ሁለት ልጅ ወልጄ፣ አርባ ዓመት ደፍኜ፣ በሰው አገር ሶፋ ላይ እንደ ፊደል ተማሪ ጆሮዬን ተቆነጠጥኩ። ዋይ ስል ዘጠነኛዋ ከአፌ ወጣች። እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩ፤ እትዬ እኔ ልጅዎ አይደለሁም አልኳቸው። አባታቸው ዳዊት ሲያስደግሟቸው እንዲሁ ያደርጓቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም። ኩርፊያዬ ሳይለቀኝ ደግሜ ደጋግሜ በቃሌ ወጣኋት።

ልተኛ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ። "ካምፑ ውስጥ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ብለን ለሙሉዬ ድምፅ አውጥተን አላለቀስንላትም" አሉኝ። "እናቴ አፌን በእጇ አፍና ይዛኝ ነበር። ይቺ ግጥም ያ ለቅሶ ናት፣ ፍሬ። እንዳትጥያት።" ኩርፊያዬ ያኔ ነው የለቀቀኝ።

ቅዳሜው የወር መጨረሻ ነበር። ባሌ ሀቢሶ አይቮሪ ፓርክ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ አለው፤ የወር መጨረሻ ቅዳሜ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፣ እኔ ሄጄ አግዘዋለሁ። እንዳልሄድ ብዬ ነበር። እትዬ ሂጂ አሉ፣ ጎረቤቴ ምሳ ያመጡልኛል፣ ኮከብ ሳይወጣ ተመለሺ። ጧት ደጃፉ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ላስደምጣቸው ብዬ ጀመርኩ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ፊታቸውን አየሁት። እንግዳ ነገር እንደሚሰማ ሰው ነው የሚያዳምጡኝ። ሌሊቱን ጠፍታባቸው አድራለች። እስከ መጨረሻው ወጣኋት፣ በዘጠነኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግጥሟ ከእኔ ሌላ ማንም ዘንድ የለችም።

ታክሲ ውስጥ የገባሁት እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል፣ እኔ ጆሮዬን በሻርፕ ጠቅልዬ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፈንጠር አለች። ሱቅ ስደርስም ሰላምታ አልሰጥም አልኩ። አንድ ቃል ካስገባሁ አንድ ቃል የሚወጣብኝ መስሎኝ ፈራሁ። ሁልጊዜ የሚመጡት ጎጎ የምንላቸው አሮጊት በብረት ፍርግርጉ በኩል ሳውቦና ብለው ሰላም ሲሉኝ አንገቴን ብቻ ነቅነቅ አደረግኩላቸው። ተቀየሙ። ሀቢሶ እየጾመች ነው ብሎ ሸፈነልኝ። ዘይት ስቀዳ፣ ዳቦ ሳቀብል፣ የገንዘብ መልስ ስሰጥ ዜማው በሆዴ ይዞራል። ይዞራል፣ ያልቃል፣ ከመጀመሪያ ይነሳል። ጥሩ እየሄደልኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሞኝ!

ሰው ቀነስ ሲል ሀቢሶ ምን ሆነሻል ብሎ አፋጠጠኝ፤ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ደግሞ ኮስተር አለ። የታመመች ሴትዮ፣ የአሥር ዓመት ልፋት፣ አንቺ ደግሞ ቁልፍ ያስቀመጥሽበትን የማታውቂ፣ ይሄ ቀልድ ነው? አለኝ። አንድ ደቂቃ ስልክሽ ላይ ቅጂውና ዝም በይ፣ ማን ያይሻል? አደራ ብለውኛል አልኩት። አደራውኮ ግጥሟን ነው፣ የስልኩን አይደለም አለ። ይሄ ሰውዬ ሲከራከር ደግሞ ልክ ይመስላል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ስልኩን አውጥቶ ድምፅ የምትቀዳዋን ቀይዋን ነካና አፌ ሥር ደገነው። አፌን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ሴትዮዋ አንድ ነገር ቢሆኑ ፀፀቱ ያንቺ ነው አለኝ።

ይሄን ብሎ ብዙም አልቆየ፣ ስልኬ ጮኸ። የፎቁ ዘበኛ፣ ማላዊው ሰውዬ ነው። ጎረቤቲቱ ምሳ ይዘው ሲገቡ እትዬን ኮሪደሩ ላይ ወድቀው አገኟቸው፤ አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ይናገራሉ? አልኩት። "ዓይናቸው ያያል" አለኝ። ሁለተኛ ስጠይቀውም የመለሰልኝ ይሄንኑ ነው።

ሀቢሶ ሱቁን ቆለፈው። የወር መጨረሻ ቅዳሜ፣ ሰው ደጁ ላይ ተሰልፎ። ዕቃ የሚያመላልስበት ባኪ፣ ፒክአፑ ውስጥ ገባንና ወደ ሆስፒታሉ ነዳ። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ ለመረጋጋት ብዬ ግጥሟን ከራስ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት እያለ ስምንቱ ወጣ። ዜማው አለቀ። ዘጠነኛዋን ልል አፌን ከፈትኩ።

የለችም።

ከመጀመሪያ ጀመርኩ። ስምንት። የለችም። በፍጥነት አልኩት፣ በዝግታ አልኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ አልኩት። ዜማው ስምንተኛዋ ላይ ሲደርስ በሩን ይዘጋብኛል። ያኔ ገባኝ የሠራሁት። ጧቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስዘምር ዜማው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው እየተመለስኩ፣ ዘጠነኛዋን አንድም ጊዜ አላነሳኋትም። መዝሙር ሲያልቅ ከራስ ነው የሚነሳው፤ እንዲህ ነው የለመድኩት። የግጥሟን መጨረሻ፣ የመጽሐፉን መጨረሻ፣ ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ወደ እሷ ሲሄዱ የኖሩትን መስመር፣ የመዘምራን ልማድ ይዤ ጣልኳት።

ሀቢሶ ፊቴን አይቶ ጠፋችብሽ አይደል? አለኝ። የመጨረሻዋ ብቻ አልኩት። ሊቆጣ ነበር፣ ተወው። ቀስ ብሎ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ቢያንስ ስምንቱን አትርፊ፣ እዚያ ስትደርሺ ከድንጋጤ ሌላም ሊጠፋብሽ ይችላል አለኝ። ፀሐይዋ ገና ከድሮው የወርቅ ማዕድን አፈር ክምር በላይ ነበረች። ስልኩን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ጣቴ ቀይዋ ላይ ደርሷል። ፈለግኩ፤ በጣም ፈለግኩ። ግን ዓይናቸው ያያል ብሎኛል ዘበኛው። በዚያ ዓይን ፊቴን አይተው ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ዘጠነኛዋን ጥዬ፣ ቃሌንም ጥዬ፣ ምን ይዤ ልግባ? ስልኩን መለስኩለት። ሀቢሶ እግዚኦ አለና ነዳጁን ረገጠው።

ሆስፒታሉ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው ብለው በር ላይ ያዙኝ። ልጃቸው ነኝ አልኩ። ነርሷ መልኬንና የእሳቸውን መዝገብ እያየች አንድ ዓይነት ናችሁ ብላ አሳለፈችኝ። ትናንት ልጅዎ አይደለሁም ብዬ የተቆጣሁት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

እትዬ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ቀኝ እጃቸው አንሶላው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ሲያዩኝ ሊናገሩ ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አይደለም። እንደገና ሞከሩ፣ ያው ነው። ቃል ሲያላምጥ የኖረ አፍ እንዲህ ሲሆን ማየት ከባድ ነው። ማልቀስ አማረኝ፣ ዋጥኩት። እጃቸውን፣ ግራውን፣ ያዝኩና፣ ስልክም ላይ ወረቀትም ላይ አላሰፈርኳትም እትዬ አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ኮከብ መጠበቅ ጀመርን። የሐምሌ ብርድ መስታወቱን አልፎ ይገባል። የከሰል ጭስ አድማሱ ላይ ተኝቷል፤ ሰማዩ ቀልቶ፣ ከዚያ ሐምራዊ ሆኖ፣ ከዚያ ጠቆረ። አንዷ ወጣች። ሁለተኛዋን አገኘኋት። ሦስተኛዋን አየሁ ብዬ ልጮህ ስል ሄደች፤ አውሮፕላን ናት። ስምንቱን እየደጋገምኩ፣ በስምንተኛዋ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ገደሉ እያየሁ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አትመጣም። እሳቸው ደግሞ በሙሉ ልብ ተረጋግተው ሰማዩን ያያሉ። አምነውኛል። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ሦስተኛዋ ወጣች። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

ስልኬን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀይዋን ነካሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ አንድ ነገር ሰማሁ። እሳቸው ናቸው። ቃል መናገር ያቃታቸው ሴትዮ በእኔ ዜማ ላይ፣ በዚያች ጴንጤ አደረግሻት ባሉኝ ዜማ፣ ከኋላዬ እየተከተሉ ያዜማሉ። የተሰባበረ ነው፣ ግን ቃሉ ነው። ልቤ በተስፋ ሊፈነዳ ደረሰ። ዘጠነኛዋን እሳቸው ሊሏት ነው ብዬ ድምፄን እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ፣ ስምንተኛዋን አብረን ጨረስን።

ዜማው አለቀ። እሳቸውም ዝም አሉ። ዜማው የሚያደርሳቸው እስከዚያው ነው፤ እኔ የሠራሁት መንገድ እዚያው ያልቃል። እሳቸው እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እሳቸውን እጠብቃለሁ።

"እትዬ፣ ዘጠነኛዋን ጣልኳት" አልኳቸው። "ጫፏን ይስጡኝ። ጫፏን ብቻ።"

ዓይናቸው ፈጠጠ። ሞከሩ። አፋቸው ተጣመመ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ግንባራቸው ላቡን አወረደው። የወጣው ያው ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። ደግመው ሞከሩ። እኔ ተዉት፣ ይበቃል፣ ይበቃል እላለሁ፣ አይተዉም። እንባቸው በጤነኛው ጉንጫቸው በኩል ወረደ። ነርሷ ከበሩ ላይ ሰዓቱ አልቋል አለችን። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ልላቸው ጎንበስ አልኩ።

ጎንበስ ስል ግራ እጃቸው ተነሳ። መጀመሪያ ትከሻዬን ነካ። የሚያባብሉኝ መስሎኝ ይብስ አለቀስኩ። እጁ ግን አልቆመም፤ አንገቴን አለፈ፣ ሻርፔን ገለጠ፣ ፈለገ፣ ፈለገና ጆሮዬን ያዘ። በሁለት ጣታቸው፣ ያለ የሌለ ኃይላቸውን ሰብስበው፣ በጥፍራቸው ቆነጠጡኝ።

ዋይ አልኩ። ከዋይታዬ ጋር ዘጠነኛዋ ወጣች። ሳላስባት፣ ሳልጠራት፣ እግር ሲደናቀፍ እናቴን እንደሚባለው ወጣች። ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩ በኋላ ነው። ደግሜ አልኳት፣ ጮክ ብዬ፤ አለች። ሦስተኛ አልኳት፤ አለች። ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቆጣችን። እትዬ ግን ጆሮዬን ሳይለቁ፣ በተጣመመ አፋቸው፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ማንም አፋቸውን አልያዘም። እኔም እየተቆነጠጥኩ አብሬያቸው አለቀስኩ።

አርታኢያቸው ቀረጻውን በማግስቱ ሰማው፤ ዋይታዬን፣ የነርሷን ቁጣ፣ ሁሉንም። ደውሎ ዘጠኙም አሉ አለኝ በእንግሊዝኛ። ፍቺውን ልንገርሽ ሲለኝ አይ አልኩት፤ የሚፈታልኝ ሰው አለ፣ ቃል ገብተውልኛል። ሀቢሶ እብድ ነሽ ይለኛል። ይበል።

መጽሐፉ ወጥቷል። እትዬ ቤታቸው ናቸው፣ እኔም አለሁ። አንደበታቸው እንዲመለስ የምትረዳ ባለሙያ በሳምንት ትመጣለች፤ እስካሁን የተመለሰው ውሃ፣ አይ፣ ደግሞ ፍሬ የሚለው ነው። ቅዳሜ ማታ ሦስተኛዋ ኮከብ ስትወጣ ሶፋው ላይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ዘጠኙንም አብረን እንላለን። ዘጠነኛዋ አሁን በዜማው ውስጥ ናት፤ ቦታ ሠራሁላት። ስንጨርስ እሺ እትዬ፣ ይፍቱልኝ እላቸዋለሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይታገላሉ፣ አንዳንዴ አንድ ቃል ጫፏ ብቅ ትላለች። ያኔ ጆሮዬን ወደ እጃቸው አስጠጋለሁ።